ልቡ የታከመ ልጅ ውሃ ሲለምን

የልብ ሕመም የሽማግሌዎች ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። በአገራችን ሁኔታ ግን ልባቸው ተከፍቶ ከሚታከሙት መካከል ሕፃናትና ወጣቶች ከፍተኛውን ቦታ ይይዛሉ። ገሚሶቹ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ በልባቸው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዘው የተወለዱ ሲሆኑ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በሚገባ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ ሕመም ምክንያት የልባቸው በሮች የተበላሹባቸው ናቸው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት እንጥል በማስቆረጥ የማይድን፣ በወቅቱ በተወሰደ ፔኒሲሊን ግን ሊከለከል የሚችል መሆኑን ይህ ዓምድ ደጋግሞ ቢናገር አያሳፍርም።

የጅጅጋ፣ የአውበሬ ወይም የቶጎ ውጫሌ ነዋሪ የሆነች እናት ልጇ ሮጦ መጫወት ሲያቅተው፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ይዛው የምትደርሰው ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ነው። ከደምበል፣ ከአይሻና ከሽንሌ በኩል ያሉት ደግሞ ድሬዳዋ ይቀርባቸዋል። ልብን ከፍቶ ለመጠገን ግን ጉዞው እስከ አዲስ አበባ ነው፤ ከጅጅጋ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የልብ ማዕከል ሥራውን የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ባቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት ብዙ ሕፃናት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር። ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚካሄደው ከውጭ በሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ራሳቸው ይሠሩታል። ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ።

እንግዲህ አንዲት እናት ይህን ሁሉ መንገድና ይህን ሁሉ ወረፋ አልፋ ልጇ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት በሕይወት ሲወጣ ብታይ ደስታዋ ወሰን ሊኖረው አይገባም ነበር። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ የሚጠብቃት ነገር ያስደነግጣታል። የልጁ ፊት አብጧል፤ የዓይኑ ሽፋን ከብዷል፤ እጁና እግሩ ተነፍቷል። ከአፉ ቱቦው ከወጣለት በኋላ መጀመሪያ የሚያወጣው ቃል ደግሞ «ሆዮ፣ ቢዮ!» ነው። እማዬ፣ ውሃ! ነርሷ ግን ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ነካ ታደርግለታለች፤ በመርፌ በሌለው ስሪንጅ ጥቂት ጠብታ ትሰጠዋለች፤ የሰጠችውንም በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ጠብታ ውሃ ይጻፋል እንዴ?

በበረሃ አካባቢ ባደገ ሰው ዘንድ ውሃ መከልከል ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው። እንግዳ እንኳ ቢሆን ውሃ ለምኖ አይመለስም። ስለዚህ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ አዝኖ፣ አንጀቱ ተላውሶ፣ ነርሷ ዞር ስትል በጉርሻ ያህል ብሎ ጭማቂ ወይም ሻይ ቢያጠጣው የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ነገር በልጁ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ነው፤ ያበጠው ልጅ በእርግጥም ተጠምቷል፣ ውሃ ቢሰጠው ግን ይጎዳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። እንዴት? ይህን ለመረዳት ሰውነት ውሃን የት የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሰውነታችን ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። 60 ኪሎ በሚመዝን ጎልማሳ ወንድ ውስጥ 36 ሊትር ያህል ይገኛል። በሴቶች ዘንድ ጥቂት ይቀንሳል፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ደግሞ ከመቶ ከ70 እጅ በላይ ይደርሳል። ይህ ውሃ በአንድ ቋት የተቀመጠ አይደለም። ከሦስት ሁለቱ እጅ የሚገኘው በዓይን በማይታዩት የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ነው። ቀሪው አንድ እጅ ከሕዋሳቱ ውጭ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ በደም ሥር የሚዘዋወረው ለአንድ ጎልማሳ 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የተረፈው በሕዋሳቱ መካከል፣ በቆዳ ሥርና በሥጋ መሐል ተሰራጭቶ ይኖራል። ኩላሊት፣ አንጎልና ልብ የሚጠቀሙት በደም ሥር ውስጥ ባለው ነው። በቆዳ ሥር የተከማቸው እዚያው እስካለ ድረስ አይረዳቸውም።

በሐርሺንና በአውበሬ ገጠር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ብርካውን ማሰብ ይበቃዋል። ብርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። ግድግዳው ደህና ሲሆን ቤተሰቡና ከብቱ በጋውን ይሻገርበታል። ግድግዳው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል። ዙሪያው ረግረግ ይሆናል፤ እግር ይሰምጣል፤ ብርካው ውስጥ ግን የሚቀዳ ውሃ የለም። ቤተሰቡ በጭቃ መሐል ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በቦቴ ተጨማሪ ውሃ አምጥቶ ብርካው ላይ ቢገለብጡበት ጭቃውን ማብዛት ይሆናል እንጂ ጥምን አያስታግስም። ልቡ በመሣሪያ የታከመ ልጅ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የተሰነጠቀ ብርካ ነው።

ግድግዳውን የሚሰነጥቀው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ትንሽ ማለት ግድ ይሆናል።

ልብን ከፍቶ ለመስፋት ልብ መቆም አለበት። ልብ ሲቆም ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ይህን ችግር የፈታው የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው ተረክቦ የሚሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ ሐሳቡ የመነጨው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 አሜሪካዊው ወጣት ሐኪም ጆን ጊቦን በቦስተን ከተማ ሳንባዋ በደም ጓል የተዘጋባትን አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተል ባደረበት ጊዜ ነው። ይህ ዓምድ የሴቶች ዓምድ እንደ መሆኑ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። መሣሪያውን ለዓመታት አብራው የሠራችው ባለቤቱ ሜሪ ሆፕኪንሰን ናት። ሁለቱ በድመቶች ላይ እየሞከሩ በ1935 የአንዲት ድመት ልብና ሳንባ ሥራ በመሣሪያ እንዲተካ አደረጉ። ከዚያም ሥራው በጦርነት ተቋርጦ፣ ብዙ ሳንካ ገጥሞት፣ ሜይ 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ ከተማ የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ የልብ ቀዳዳ በዚሁ መሣሪያ እርዳታ ተሰፋ። መሣሪያው ለ26 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ በልቧና በሳንባዋ ፋንታ ሠርቷል። በታሪክ መጻሕፍት የባልየው ስም ጎልቶ ሲጻፍ የሚስትየዋ ግን በግርጌ ይቀራል፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

«ባይፓስ» የሚለው ቃል በከተማችን ሲነገር ሁለት ነገር እንደሚደባለቅ እናውቃለን። አንደኛው የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከእግር ወይም ከደረት በተወሰደ ሌላ ደም ሥር አሳልፎ መቀጠል ሲሆን፣ ይህም በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች የሚታከሙበት ነው። ሁለተኛው ደሙን ከልብ አሳልፎ በመሣሪያው ውስጥ ማዞር ነው። የአባቶቹ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ፣ የልጆቹ የልብ ቀዳዳና የልብ በር ጥገና ደግሞ ልብ የሚከፈት ሲሆን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በመሣሪያው ይከናወናል። ስለ ውሃው የምንናገረውም ለሁለቱም ይሠራል።

የመሣሪያው ቱቦዎች ከሕመምተኛው ጋር ከመያያዛቸው በፊት በፈሳሽ መሞላት አለባቸው። ባዶ ቢሆኑ ግን አየር ወደ ደም ሥር ገብቶ ይገድላል። ለአንድ ጎልማሳ የሚያስፈልገው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሁሉ በለጋሾች ደም ይሞላ ስለ ነበር ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ ብዙ ሰው ደም መስጠት ነበረበት። በ1960 በአሜሪካ ኦክላሆማ ይሠራ የነበረው ዶክተር ናዚህ ዙህዲ ቱቦውን በደም ፋንታ በግሉኮስ ሞልቶ፣ የሕመምተኛው ደም ሆን ተብሎ እንዲቀጥን በማድረግ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ዘዴው ደምን የሚቆጥብ ስለ ሆነ በዓለም ተሰራጨ፤ እንደ እኛ ባለ የደም ባንኩ ዘወትር ለጋሽ በሚጠብቅ አገርም ጥቅሙ የታወቀ ነው።

ግን ደም ሲቀጥን የሚከተል ነገር አለ። በደማችን ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይገኛል፤ ሥራው ውሃን እንደ ስፖንጅ ይዞ በደም ሥር ውስጥ ማቆየት ነው። ደሙ ሲቀጥን አልቡሚኑም አብሮ ይሳሳና ውሃው ከደም ሥር ወደ ሥጋ መሐል ይሸሻል። በጎልማሳ ዘንድ ከደሙ ከመቶ 40 እጅ የነበረው ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 25 ወይም 30 ሊወርድ ይችላል። በልጆች ዘንድ ነገሩ ይብሳል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሙ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ በእርሱ ላይ የቱቦው ፈሳሽ ሲጨመርበት መቅጠኑ ከጎልማሳው ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ለልጆች አጫጭርና ቀጫጭን ቱቦዎች ይመረጣሉ፤ ልጁ በጣም ትንሽ ከሆነም ፈሳሹ ላይ ደም ይጨመርበታል። ለልጃችሁ ደም ስጡ ስትባሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ደም ተፈጥሮው በደም ሥር ውስጥ መሄድ ነው። ከፕላስቲክ ጋር ሲነካካ ሰውነት ጠላት የመጣ ይመስለዋል፤ በትልቅ ቃጠሎ ወይም በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ እንደሚሆነው የማንቂያ ኬሚካሎችን ይለቃል። እነዚህ ኬሚካሎች የቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ግድግዳ ያሳሳሉ። የብርካው ስንጥቅ ይህ ነው። በዚህ ላይ ሰውነት የደም ሥሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳነሰ ሲያይ ድርቅ የገባ መስሎት፣ ድርቅ መጣ ሲባል ጀሪካኑን ሁሉ እንደሚሞላ ቤተሰብ፣ ያገኘውን ውሃና ጨው ማቆር ይጀምራል። ከአንጎልና ከኩላሊት አጠገብ ካሉት ዕጢዎች የሚወጡት ሆርሞኖች ኩላሊትን «ሽንት አታውጣ» ይሉታል። ሌላ መልእክት ደግሞ ወደ አንጎል ሄዶ ጥምን ይቀሰቅሳል። ለሰዓታት በቱቦ ሲተነፍስ የቆየው አፍና ጉሮሮ መድረቁ ተጨማሪ ነው።

ስለዚህ የልጁ ጥም ውሸት አይደለም፣ ልቅሶውም ብልግና አይደለም። ነገር ግን ያ ጥም የሚናገረው ስለ ደም ሥሩ እንጂ ስለ መላ ሰውነቱ አይደለም። ውሃ በገፍ ቢጠጣ የጠጣው ወደ ሥጋው መሐል ይሰርጋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደ ሳንባው መስረጉ ነው። ሳንባው ውሃ ሲቋጥር ያ ከመሣሪያ የተላቀቀ ልጅ ተመልሶ ቱቦ ሊገባለት ይችላል። በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከመጠን በላይ ቢቀጥን ደግሞ አንጎሉ ያብጥና ይንቀጠቀጣል። በዘመድ እጅ ተደብቆ የተሰጠ አንድ ብርጭቆ ውሃ በ20 ኪሎ ልጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በትልቅ ሰው ላይ ከሚያደርሰው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሐኪሞቹ የሚያደርጉትም ሒሳብ ነው። ጤናማ የሆነ 20 ኪሎ ልጅ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጠው የዚህ ግማሽ ገደማ ነው። በዚህ ግማሽ ውስጥ ግሉኮሱ፣ የመድኃኒቱ ማሟሚያና መስመሩ የሚታጠብበት ፈሳሽ ሁሉ ይቆጠራል። በሌላ ወገን ሽንቱ በየሰዓቱ ይለካል፤ ለዚህ ልጅ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ከመጣ መልካም ነው ይባላል። ከደረቱ በቱቦ የሚወርደውም ይጻፋል። ሽንቱ ቢቀንስ የሚያሸና መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ብዙዎቻችን ላሲክስ ብለን የምናውቀው ነው። የደም ሥሩ ባዶ ሆኖ የደም ግፊቱ የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ በተቃራኒው በመርፌ ፈሳሽ ወይም ደም ይጨመርለታል። እናቲቱ ይህን ስታይ «እኔን ከልክለው እነርሱ ይሰጡታል» ብትል አይፈረድባትም፤ ልዩነቱ ግን በአፍ የሚሰጠው ተራ ውሃ በደም ሥር ውስጥ የማይቆይ መሆኑ ነው።

ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጣም የተረፈውን ውሃ የሚቀንሱበት መንገድ አለ። በለንደን የሚገኘው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በ1991 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ የልጁ ደም በማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና ትርፉ ውሃ ብቻ ይወጣለታል። ወፍራሙ ደም ለልጁ ይመለሳል። ዛሬ በብዙ የሕፃናት ልብ ማዕከሎች የተለመደ ሥራ ነው።

እናት በአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ምን ልታደርግ ትችላለች? ብዙ። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ነርሷ ስትፈቅድ አፉን አጉመጥምጦ እንዲተፋ ማድረግ፣ የተፈቀደለትን ጥቂት ውሃ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በማንኪያ ከፋፍሎ ለሰዓታት ማዳረስ ይቻላል። በረዶ ካለና ከተፈቀደ ጥም በመቁረጥ ከውሃው ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ሲቀልጥ ውሃ ነውና ይቆጠራል። የዳይፐሩ ክብደት ስለሚመዘን እናቶች ዳይፐር ለውጠው መጣል የለባቸውም። ሊጠይቅ የሚመጣውን ዘመድ ደግሞ፣ አየዮም ትሁን ኤዶ፣ በር ላይ አግኝቶ ነገሩን በሶማሊኛ ማስረዳት ከሐኪሙ ይልቅ ለእናቲቱ የቀለለ ነው። ቋንቋ ባለመግባባት ምክንያት የተጣሰ ትእዛዝ ብዙ ነው፤ በዚህ ረገድ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነገሩ ይገለበጣል። ማንቂያው ይበርዳል፤ ግድግዳው ይጠግጋል፤ በሥጋ መሐል የነበረው ውሃ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። ኩላሊቱ ከሠራ ሽንት በብዛት ይወርዳል፤ ፊቱ ይጎድላል፤ ልጁም የቀድሞ መልኩን ይይዛል። ደስ የሚያሰኝ ጊዜ ነው። ይሁንና በሽንቱና በላሲክሱ ምክንያት ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን አብሮ ስለሚወጣ በዚህ ጊዜ ደም ደጋግሞ ይመረመራል፤ ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባልና። አንዳንድ እናቶች ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም አለው ሲባል ሰምተው በገዛ እጃቸው ያበዛሉ። ልጁ ከሚወስዳቸው የልብ መድኃኒቶች መካከል ደግሞ ፖታሲየምን የሚያቆሩ አሉ። ስለዚህ ሙዙም ቢሆን በጥያቄ ይሁን።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከሆስፒታል ሲወጡ ነው። በሆስፒታል ሒሳቡን የሚይዙት ነርሶች ናቸው፤ በቤት ውስጥ ደግሞ እናት። ልጁ የሚያሸና መድኃኒት ይዞ የወጣ እንደ ሆነ ፈሳሹም ጨውም ተወስኖለት ሊሆን ይችላል። መወሰኑንና አለመወሰኑን፣ በቀን ስንት እንደሆነም ከመውጣታችሁ በፊት በቁጥር አስጽፉ። «በመጠኑ ይጠጣ» የሚል ቃል ለማንም አይጠቅምም። በቤታችሁ የሚጠጣበትን ኩባያ ይዛችሁ ሂዱና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ በነርሷ ፊት ለኩት። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ሁሉ በዚያ ኩባያ ይቆጠራል። የግመል ወተት ፈሳሽ ነው። በወተት የፈላ ሻይ ፈሳሽ ነው። ሾርባና ሐብሐብም እንዲሁ። ወተቱን አፍልታችሁ ስጡ፤ ጥሬ ወተት የሚያመጣው በሽታ ልቡ ገና በተሰፋ ልጅ ላይ አያምርም።

ጨውን በተመለከተ ከወጡ ውስጥ ጨው መቀነስ ብቻ አይበቃም። ጨው ጣል የሚደረግበት ሆጃ፣ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀመጠው ሙቅማድ፣ በየሱቁ የሚሸጠው የሾርባ ቅመምና ቺፕስ ሁሉ ጨው አለበት። ጨው ውሃን ይስባል፤ ጨው የበላ ልጅ ይጠማል፤ የተጠማ ልጅ ያለቅሳል፤ እናትም አዝና ትሰጣለች። ልቅሶውን ከምንጩ ማድረቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ማንም ልጅ በአንድ ሌሊት ግማሽ ኪሎ ሥጋና ስብ አይጨምርም፤ በአንድ ሌሊት የመጣ ክብደት ውሃ ነው። እብጠት በዓይን የሚታየው ውሃው በብዙ ከተከማቸ በኋላ ሲሆን ሚዛን ግን ቀድሞ ይናገራል። ጧት ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘን፤ ቁጥሩም በደብተር ይጻፍ። ለጎልማሳ ሕመምተኞች በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ መጨመር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው። ለልጅ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ስለ ሆነ ለልጃችሁ የተወሰነውን ጠይቃችሁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ክብደት ሳይጨምር እንኳ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሌሊት የሚያስል ከሆነ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የደረት ሕመም ከመጣበት በዚያው ቀን መታየት አለበት። በልብ ዙሪያ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ጊዜ አለና።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ውሃ መብዛት ነበር። በደምበል፣ በአይሻ፣ በኤረርና በሽንሌ ቆላ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ተቃራኒውም እኩል ያሰጋል። አዲስ አበባ በደጋው ብርድ የታዘዘ የላሲክስ መጠን ልጁ ወደ ቆላ ወርዶ በላብ ውሃ ሲያጣ ሊበዛበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን ስትሰናበቱ የምትኖሩት የት እንደሆነና አካባቢው ምን ያህል እንደሚሞቅ ንገሩት። «ጅጅጋ ነው» ብሎ መቅረት አይበቃም፤ ጅጅጋና አይሻ በአየር ጠባይ አይገናኙም።

ተቅማጥ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ አደጋው የበለጠ ነው። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በተቅማጥና በትውከት የሚደርቀው ከሌላው ልጅ ፈጥኖ ነው፤ ፖታሲየሙም ከሁለት በኩል ይወጣል። ዓይኑ ሲሰረጉድ፣ ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ሲቀንስ፣ ሚዛኑ ሲወርድ «ውሃ ተከልክሏል» ብሎ መቀመጥ ልጁን ማጣት ነው። የቀድሞው ክልከላ ለቀድሞው ሁኔታ የታዘዘ ነበር። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ እየሰጣችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ላሲክሱ ለጊዜው ይቁም ወይም ይቀንስ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ይህንኑም ለመወሰን ደብተራችሁን ማየት ይፈልጋል።

የረመዳን ጾም ሌላው ጥያቄ ነው። በዐሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች እንደ እኩዮቻቸው መጾም ይፈልጋሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ሰው ጾሙን እንዲያቆይ የፈቀደለት ሲሆን፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከጎሕ እስከ ማታ ያለ ውሃ ሲውል፣ ከዚያም በአፍጥር ላይ የቀኑን ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ቀን ይፈራረቁበታል። መድኃኒቱን ማታ ብቻ እንዲውጥ በራስ ፈቃድ ሰዓት ማዛወርም አይገባም። ከጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙም ከሼኩም ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ልጁ በሌሎች ፊት እንዳያፍር አባት አብሮት ቢሄድ ደግሞ ነገሩ ይቀልለታል።

ሚዛን ከየት ይገኛል የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። የጤና ጣቢያውና የመድኃኒት ቤቱ ሚዛን አለ፤ በጅጅጋና በድሬዳዋ ጎዳናዎች ሚዛን ዘርግተው ጥቂት ሳንቲም እየተቀበሉ የሚመዝኑ ልጆችም አሉ። ሚዛን ከሚዛን ስለሚለያይ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው መመዘን ቁጥሩን ዋጋ ያሳጣዋል፤ አንዱን መርጦ በእርሱው መጽናት ነው። ሕፃኑ መቆም የማይችል ከሆነ እናት ይዛው ትመዘን፣ ከዚያ ብቻዋን ትመዘንና የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይቀነስ። ደብተሩን፣ ኩባያውንና የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ለቀጠሮ ስትጓዙ በአንድ ከረጢት ያዙ፤ መንገዱ ረጅም ነውና ሻንጣው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲጫን ከረጢቱ ከእጃችሁ አይለይ።